ለጋሼ ያሠለጠንኳት ውሻ

ጋሼ ቦይ ውስጥ የወደቀ ዕለት የደወለችልኝ ባለቤቱ ናት። ሞጣ ውስጥ ከቤታቸው እስከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ጋሼ ግማሽ ዕድሜውን ተመላልሶበታል። ግን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይኖቹን ካጠፋበት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ሳምንት ደግሞ ቦዩን የሚጠርጉ ሰዎች የክዳኑን ድንጋይ አንስተው ሳይመልሱት ሄደዋል።

"አጥንቱ ደህና ነው" አለችኝ። "ግን ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል። መጥተሽ አናግሪው፤ እኔን አልሰማኝም።"

እኔ ቢቸና በእንስሳት ክሊኒክ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ ፊደል ያስቆጠረኝም፣ እስከ ኮሌጅ ያደረሰኝም እሱ ስለሆነ ዛሬም በስሙ ጠርቼው አላውቅም። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሞጣ ደረስኩ። መዳፉ ተልጦ፣ የቀኝ ጉልበቱ አብጦ፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

"ሰው ይምራህ" አልኩት። "ከተማሪዎችህ አንዱ እንኳ…"

"ስሚኝ" አለ። "አንድ ተማሪ እጅጌዬን ይዞ 'ቲቸር፣ እዚህ ጋ እርገጥ' እያለ ክፍል ካስገባኝ በኋላ ስለ ስምጥ ሸለቆ ላስተምር ብነሳ ማን ይሰማኛል? የጂኦግራፊ መምህር ነኝ እኮ።"

"ብቻህን ስትሄድ ደግሞ ትወድቃለህ።"

"ለዚህ ነው ቤቴ የተቀመጥኩት።"

ከዚያ ወዲያ ወሬ ቀየረ፤ የቢቸናን ዝናብ ጠየቀኝ። በነጋታው ተናድጄ ተመለስኩ። በማን እንደተናደድኩ ለራሴም አልገባኝም፤ በቦይ ጠራጊዎቹ ይሁን፣ በጋሼ ኩራት ይሁን፣ ባዶ እጄን በመመለሴ ይሁን። ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ትዝ አለኝ። በሰው አገር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት በውሻ እየተመራች አስፋልት ትሻገራለች። መኪና ሲመጣ ውሻው ይቆማል፤ ሴትየዋም ትቆማለች። እጅጌዋን የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ውሻ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በምንሰጥበት ወቅት አፉን አስሬ የከተብኩት ውሻ ቁጥር የለውም። አፉን ማሰርና እሱን ማስተማር ለየቅል መሆናቸውን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ቡችላዋን ያገኘኋት ከክሊኒኩ ጀርባ ካለው ወፍጮ ቤት ነው። እናትየዋ እዚያው ጆንያ ላይ አምስት ወልዳለች። ሞተሩ ሲነሳ አራቱ እየተንጫጩ እናታቸው ሆድ ሥር ገቡ፤ አንዷ ግን ጆሮዋን ቀስራ ድምፁ ወደሚመጣበት ትመለከት ጀመር። እሷን አነሳሁ።

"ሴት ውሻ ምን ያደርግልሻል?" አለኝ ባለወፍጮው። "ግቢ የሚጠብቅ ወንድ ውሰጂ።"

"ግቢ አትጠብቅም። ዓይነ ስውር ነው የምትመራው። አሠለጥናታለሁ።"

ዱቄት የለበሰ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ። "እኛ ሳንሠለጥን ውሻ ልታሠለጥኚ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ ንግግር የሰፈሩ ሰላምታ ሆነች። ጠዋት ከግቢዬ ስወጣ "ሠለጠነች?" ይሉኛል፤ ማታ ስመለስ "እንዴት ነው፣ ሠለጠነች?" ይሉኛል። ለአንድ ሳምንት አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ መሳቅ አቃተኝ።

ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት እናጠና ነበር። የሚያሳየኝ ሰው የለም። ኔትወርክ ሲገኝ ቪዲዮ አወርዳለሁ፤ ሲጠፋ፣ ደግሞም ለብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ የወረደውን ደጋግሜ አያለሁ። በቪዲዮው ላይ መንገዱ ሁሉ ለስላሳ፣ ሰዉ ሁሉ ጥግ ይዞ የሚሄድ ነው። የእኔ መንገድ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጅ አለ፣ ጭነቱ ከጎን ከጎኑ የወጣ አህያ አለ፣ እህል የተሰጣበት ሸራ አለ። የተሰጣ ጤፍ ሲያጋጥም ውሻ ምን ማድረግ እንዳለባት ቪዲዮው አይናገርም። እኔው በራሴ ወሰንኩ፤ ትዞራለች።

ደረቷ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያና ጋሼ የሚይዘውን እጀታ ያሠራሁት የበቅሎ ኮርቻ ከሚሠሩ አዛውንት ዘንድ ነው። ሦስት ጊዜ ፈታነው። የመጀመሪያው ብብቷን ላጣት፤ ሁለተኛው ስትቆም ወደ አንገቷ እየሸሸ አስቸገረ። በሦስተኛው አዛውንቱ "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሻ ልለካ?" እያሉ እያጉረመረሙ ተንበርክከው ለኳትና ልክ መጣ።

በስድስት ወር ውስጥ "ወደፊት"፣ "ቁም"፣ "ግራ"፣ "ቀኝ" አወቀች። ጉድጓድና ጠርዝ ስታይ ትቆማለች። እሷ ልታልፍበት የምትችለው እኔ ግን የማልችለውን ጠባብ መንገድ ትታ ሰፊውን ትፈልጋለች፤ ይህን ለማስተማር ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ዓይኔን በነጠላዬ ጥፍር አድርጌ አስሬ ከቤቴ እስከ ክሊኒኩ ስትመራኝ ሰው ከየበሩ ወጥቶ አየን። "እንግዲህ ለይቶላታል" ሲሉ ሰማሁ።

ያቃተኝ የዱላ ነገር ነው። በእኛ አገር ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም። ውሻ ደግሞ ዱላን የሚያውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ የገበያ ቀን አንድ ገበሬ ከአጠገባችን ሲያልፍ ዱላውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ውሻዋ መሬት ላይ ተለጥፋ ሽንቷ አመለጣት። ከዚያ ተነስታ እኔን እየጎተተች ሮጠች፤ እጀታው ተሰበረ፤ እኔም በአንድ ጉልበቴ ወደቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ዱላ የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ድንጋይ ትሆናለች። ግማሽ ዓመት የለፋሁበት ሁሉ በአንድ ትከሻ መቀየር ጠፋ። ጋሼ ራሱ በትር እንደሚይዝ ደግሞ አልረሳሁም።

እንደገና ከሀሁ ጀመርኩ። ዱላ ከምግብ ሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩ። ከዚያ የእንጀራ ድርቆሽ ዱላው ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ እኔ ዱላ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። እኔን ለመደች፤ ወንድ ግን አልለመደችም። ስለዚህ ከብቶቻቸውን ይዘው ክሊኒክ ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎችን መለመን ያዝኩ። "አባቴ፣ ዱላዎን ዝቅ አድርገው ይቺን ድርቆሽ ይስጡልኝ።" ብዙዎቹ ሳቁብኝ። አንዳንዶቹ እንደ መዳፈር ቆጠሩት። አንድ ጎልማሳ ግን ሆን ብሎ ዱላውን አንስቶ አስደነገጣትና የሦስት ሳምንት ሥራዬን ወደ ኋላ መለሰው። እሱን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

በመጨረሻ የረዱኝ ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስለምናቸው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ባታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ።

"በልጅነቴ ቅኔ ልማር ወጥቼ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ" አሉ። "በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ደጅ ስቆም የነከሰኝ ውሻ ነው ይሄ። አሁን ደግሞ ላጉርሰው ነው የምትይኝ?"

"ይቺ አልነከሰችዎትም፣ አባቴ።"

ትንሽ አሰቡና ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው ድርቆሹን በመዳፋቸው ሰጧት። በቅሎዋን በየሦስት ቀኑ ቁስሏን ለማሳጠብ ሲያመጧት ውሻዋንም ያጎርሱልኝ ጀመር፤ በመጀመሪያ ዱላው መሬት ላይ እያለ፣ ቀጥሎ በእጃቸው ይዘውት፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ላይ አድርገውት። የበቅሎዋ ቁስል ሲድን ውሻዋ በዱላ አጠገብ ሳትደነግጥ ማለፍ ችላ ነበር።

ግን እኚሁ ሽማግሌ ሌላ ጣጣ አመጡብኝ። አንድ ጠዋት ሰው በተሰበሰበበት "ለመሆኑ ማንን ነው የምትመራው?" አሉኝ።

"ጌታዋን።"

ጺማቸውን ዳሰሱ። "እንግዲያማ መሪጌታ ናት በያ!"

ከብቱን ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰሙ የቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ነው፤ ወርቁ ጌታውን የሚመራ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቅኔ ነበረች። ችግሩ በምሥራቅ ጎጃም ቅኔ ከሚኒባስ ይፈጥናል። እኔና ውሻዋ ሞጣ ከመድረሳችን በፊት ቅኔዋ ቀድማን ደርሳ፣ በመንገድ ላይም ተበላሽታ፣ "አንዲት የከብት ሐኪም ውሻዋን መሪጌታ ብላ ስም አወጣችላት" ሆናለች።

ከሚኒባስ መፍጠኗ ግን ብዙም አይገርምም፤ ሚኒባሱ እኛን አልጭንም ብሏልና። ውሻዋን ለጋሼ ላደርስ ሁለት ቀን ሙሉ መናኸሪያ ተመላለስኩ።

"ውሻ አንጭንም" ይላል ረዳቱ።

"ከመቀመጫዬ ሥር ትተኛለች። የተከተበችበት ካርድ ይኸው።"

"እኅቴ፣ ሰው ይወርድብኛል።"

በዚያው መኪና ጣሪያ ላይ ሁለት የታሰሩ በጎች አሉ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ዶሮ ይንጫጫል። "ዶሮ ጭነህ የለም ወይ?" አልኩት።

"ዶሮማ ይበላል" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጥጃውን ያከምኩለት አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከባዶ ጆንያ ጋር ከኋላ ጫነን። ሞጣ ስንደርስ እኔም እሷም አቧራ ለብሰን አንድ መልክ ሆነን ነበር።

በማግስቱ ከጎረቤት አንድ የተከበሩ የሰበካ ጉባኤ አባል መጡ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ ጀመሩ።

"ልጄ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ደክሞ የሚያገኘውን ማዕረግ ለውሻ ሰጠሽ የሚባለው እውነት ነው?"

"እኔ ስም አላወጣሁላትም፣ አባባ። ሌላ ሰው የተናገሩት ጨዋታ ነው።"

"ማን ናቸው ሌላው ሰው?"

ውሻዬን ያጎረሱልኝን ሽማግሌ አሳልፌ ልሰጥ አልፈለግሁም። ያኔ ጋሼ ከወንበሩ "ቃል በቃል እንዴት ነበር ያሉት?" አለኝ። ነገርኩት። ጋሼ ከሆዱ ሳቀ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው፤ እንዲህ ሲስቅ ከሰማች ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗታል። እንግዳው ሰውዬ ፊታቸውን ሊያጠቁሩ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

"ቅኔውስ ቅኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን አይደገም። ወደ ቤተ ክርስቲያንም እንዳትቀርብ።" ሁለቱንም ተስማማን፤ እሑድ እሑድ ጋሼ ከባለቤቱ ጋር ሊሄድ።

የዓመት ፈቃዴን የወሰድኩት ሁለቱን ለማስተዋወቅ ነበር። ጋሼ ግን እጀታውን እንደ እርፍ ተጭኖ ነበር የሚይዘው። ስትቆም ነገር የምታሸት ይመስለውና "ሂጂ!" እያለ ይገፋታል። እሷ ዞራ እኔን ታያለች። ማንን ልስማ ማለቷ ነው። ሁለት ቀን በእርጋታ አስረዳሁ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ላይ ለግንባታ የተራገፈ የድንጋይ ክምር አጋጠመን። ውሻዋ ቆመች። ጋሼ ገፋት። አልተነቃነቀችም፤ እንዳስተማርኳት ቀጥ ብላ ቆመች። እሱ እሷን አልፎ ተራመደና ቦይ ውስጥ ሲወድቅ አብጦ በነበረው በዚያው ጉልበቱ ድንጋዩን መታ።

"ውሻዋ ተምራለች!" ብዬ ጮህኩ። "ያልተማርከው አንተ ነህ!"

ለጋሼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። መንገደኛ ሁሉ ቆመ። እሱ እጀታውን ለቅቆ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔና ውሻዋ ከኋላ ተከተልነው።

ቤት ገብቶ ጉልበቱን በለብ ያለ ውሃ ሳጥብለት ነው የተናገረው። "ከሁለት ዓመት በላይ ሰው ሁሉ አዛዤ ሆኗል። ቁም፣ ተቀመጥ፣ እግርህን አንሳ፣ ጎንበስ በል። የሚወዱኝም የማያውቁኝም እኩል ያዙኛል። አሁን ደግሞ ውሻ ቁም ስትለኝ እንድቆም ነው የምትፈልጊው።"

"አዎ" አልኩት። "ግን እሷ ከዚያ በላይ አታዝህም። ለምን እንደቆመች በበትርህ ፈልገህ የምታገኘው አንተ ነህ። በየት በኩል እንደሚሄድ የምትወስነውም አንተ ነህ። ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ እሷ ምን ታውቃለች?"

ፎጣውን ከእጄ ወስዶ ጉልበቱን ራሱ አደረቀ። "ይህን በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርሽኝም? ትምህርት ከዓላማው ነው የሚጀመረው" አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ስትቆም ይቆማል፤ በትሩን ወደፊት ዘርግቶ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው "ግራ" ይላታል። በትሩ በአፍንጫዋ ፊት ሲያልፍ አትደነግጥም። በስምንተኛው ቀን እኔ ቤት ቀርቼ ሁለቱ ብቻቸውን ትምህርት ቤት ደረሱ። ደረሱ፤ በሩ ላይ ጥበቃው መለሳቸው።

ርእሰ መምህሩን ላነጋግር ሄድኩ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት አንድ ሕፃን ከተማ ውስጥ በውሻ ተነክሶ ነበርና ወላጆች ይፈራሉ። የክትባት ካርዷን አገላብጦ አየው።

"ይህን የፈረመው ባለሙያ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"መምህሩስ የማን ወንድም ናቸው?"

"የእኔ።"

"ታዲያ?" አለና ካርዱን መለሰልኝ። "ውሻ ይገባል የሚል መመሪያ የለም። ደብዳቤ አምጪ።"

የቀረችኝን ፈቃድ ደብዳቤ ፍለጋ ጨረስኳት። አንዱ ቢሮ ይህ የትምህርት ጉዳይ ነው ሲል፣ ሌላው የጤና ነው ይላል፤ ሦስተኛው የእንስሳት ነው ብሎ ወደ እኔው ሙያ ይመልሰኛል። አንዲት ሠራተኛ ከልቧ ልትረዳኝ ሞክራ ፎርም አወጣች። "ይኸው፣ ዊልቸር፣ ክራንች፣ ነጭ በትር ነው የሚለው።"

"ሌላ የሚል የለም?"

"አለ። ግን ሌላ የሚለው ለዕቃ ነው። ነፍስ ያለው እንዴት አድርጌ ልሙላበት?"

መፍትሔ የሚመስል ነገር የሰጡን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሞጣ የኖሩ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ በር ስንመለስ ሦስት ቀን አይተውናል። ጋሼን ጠሩት።

"መምህር፣ እስክትወጣ እዚህ በረንዳዬ ላይ ትጠብቅህ" አሉት። "ሶላት አለብኝ፤ ምራቋ ልብሴን ከነካ ሳላጥበው አልሰግድም፤ ስለዚህ እዚያ ጥግ ነው የማስራት። ለሷ ብቻ የሚሆን ሳህንም አለኝ። ጥላው ግን የአላህ ነው፤ ለሷም ይበቃል።"

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ጋሼ በውሻዋ ተመርቶ ሱቁ ድረስ ይሄዳል። እዚያ እጀታውን ይፈታል፤ መንገዱን ተሻግሮ ከበሩ እስከ ክፍሉ ያለውን በበትሩ እርምጃ እየቆጠረ ይሄዳል። ጭቃ ሲሆን ውሻዋን አላስገባም ያለው ያው ጥበቃ ሮጦ መጥቶ እጅጌውን ይይዘዋል። ከደግነት ነው የሚያደርገው። እኔ ግን ያን ሁሉ የደከምኩት እጅጌውን ማንም እንዳይዘው ነበር፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። ጋሼ "ተይው፣ ማስተማሩን ተመልሼበታለሁ" ይለኛል። ደብዳቤው እስካሁን አልመጣም። በየወሩ እደውላለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ከየጁቤ ድረስ መጥታ ማየት ለተሳናት እናቷ እንዲህ ያለች ውሻ ለመነችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝና ሁለተኛ ቡችላ ያዝኩ። አምስት ወር ለፋሁበት። በግ ባየ ቁጥር እጀታውን በጥሶ የሚሮጥ ሆነ፤ በመጨረሻ ለባለወፍጮው ለግቢ ጥበቃ ሰጠሁት። ለሴትየዋ ደውዬ ነገርኳት። "እናቴ ስም ሁሉ አውጥታለት ነበር" አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄያት ስልኩን ዘጋሁ።

ባለፈው በዓል ሞጣ ሄጄ ጋሼንና ውሻዋን ከሩቅ መንገድ ላይ አየኋቸው። እኔ ነኝ ጡጦ ያጠባኋት፣ ጉበት እየቆረጥኩ ያጎረስኳት፣ ስትታመም አብሬያት ያደርኩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምጠራት ፉጨት አለችኝ። አፏጨሁ። ጆሮዋን አዞረች፤ አየችኝ፤ ጅራቷን እንኳ አላነቃነቀችም። ቀጥ ብላ ጋሼን ይዛ አጠገቤ ደረሰችና እንደ ማንኛውም መንገደኛ በሰፊው ዞራኝ ልታልፍ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ!" አልኩ። "ረስታኛለች እንዴ?"

"አልረሳችሽም" አለ ጋሼ ሳይቆም። በድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። "ሥራ ላይ ናት። አትረብሻት።"

ሁለት ቀን ሙሉ ቅር ብሎኝ ቆየሁ።